ጃኔት ወሰደችው

በእኛ ደሴት ከዚያ ዓመት ወዲህ ልጁን ጃኔት ብሎ የሰየመ ሰው አላውቅም። ካለም ወይ ደፋር ነው ወይ መጤ። ያን ጊዜ አውሎ ነፋስን ሁሉ በሴት ስም ነበር የሚጠሩት፤ ለምን እንደሆነ ስም አውጪዎቹን ጠይቁ፣ እኔ አላወጣሁም። ደሴታችንን ካሪያኩን ጠራርጎ የሄደው ነፋስ ስሙ ጃኔት ነበር። ትልልቆቹ ይህን ከሬዲዮ ሰምተው ያውቃሉ። እኔ ግን የስድስት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ነፋስ ስም እንዳለው ማን ይንገረኝ? እኔ የማውቃት ጃኔት አንዲት ነበረች፤ ከኮረብታው ማዶ፣ ወሽመጡ አፋፍ ላይ የምትኖረው ልብስ ሰፊዋ ጃኔት።

ረጅምና ቀጭን ነበረች፤ ስፒል በከንፈሯ ነክሳ ታወራለች፣ አንድም ቀን ውጣው አታውቅም። ለሴቱ ቀሚስ፣ ለወንዱ የጀልባ ሸራ ትሰፋለች። የቤተክርስቲያን ቀሚሴን የሰፋችልኝም እሷ ናት። እሷ ጋ የወሰደችኝ ግን የአባቴ እናት ማ ፊና እንጂ እናቴ አይደለችም። እናቴ ጃኔትን ካየች መንገድ ትቀይራለች። መንገዱ አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራ ዓሣ የምትቆጥር ትመስላለች።

"ለምንድን ነው ሰላም የማትያት?" ስላት፣

"ጉሮሮዬን አሞኝ ነው" ትለኛለች።

እናቴ በዚያ ጉሮሮ ስንት ዓመት እንደታመመች እግዜር ይወቀው።

ነፋሱ በመጣበት ቀን ጠዋት አባቴ ሴልዊን ወደ ጀልባው ሊወርድ ተነሳ። ከእኛ ትንሽ ራቅ ብሎ ባሕሩ ውስጥ የበቀለ ጫካ አለ፤ ክፉ ነፋስ ሲመጣ ጀልባዎች እዚያ ሥራሥሩ መሃል ገብተው ይደበቃሉ።

"አስሬያት እመለሳለሁ" አለ።

"ተዋት ሴልዊን፣ እንጨት ናት" አለችው እናቴ።

"እንጨት ናት? አባቴ የሠራትን? ለመሆኑ እስከዛሬ ያበላሽ ማን ሆነና ነው?" ብሎ ሳቀባት። ጉንጬን ቆንጠጥ አደረገኝ። ጣቶቹ ወፋፍራም ነበሩ፣ ሬንጅ ሬንጅ ይሸታሉ። ከዚያ ቁልቁለቱን እያፏጨ ወረደ።

ስለ ነፋሱ ብዙ አላወራም፤ ያየ ያውቀዋል፣ ያላየ ደግሞ ብነግረውም አያምነኝም። ሰማዩ የዱባ ቀለም ያዘ። ማ ፊና እኔንና እናቴን ጎትታ ከትልቁ አልጋ ሥር ከተተችንና ራሷም ገባች። ጣሪያው መጀመሪያ እየጮኸ ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሳ፤ ከዚያ ሄደ። "ከራስ በላይ ነፋስ" ሲባል በሰማሁ ቁጥር ያ ሰዓት ይመጣብኛል። በእውነትም ከራሳችን በላይ ነፋስ ብቻ ነበር። እናቴ እጆቿን ጆሮዬ ላይ ጭና የአባቴን ስም ትጠራ ነበር፤ ከአፏ እንቅስቃሴ ነው ያወቅኩት።

በማግስቱ ስንወጣ አገሩ ላይ አንድ ቅጠል የለም። ኮረብታው እሳት የበላው መስሎ ነበር። የምንልሰው ሁሉ ጨው ጨው ይላል፤ ከንፈራችን፣ ግድግዳው፣ ማ ፊና የጉድጓዱን ውኃ ስትቀምስ እሱም። ግቢያችን ውስጥ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰማያዊ በር ተጋድሟል። ማ ፊና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችውና፣

"በሩስ ተገኘ፣ ቤቱ ነው የቀረን" አለች።

እሷ ስትቀልድ ነገሩ ከባድ መሆኑ ይገባኛል። ወንዶቹ ሁሉ ጫካው ውስጥ ጀልባዎቹን አንድ በአንድ ፈለጉ። አንዱ በአንዱ ላይ ተጭኖ፣ አንዱ ተገልብጦ፣ ሁሉም ተገኘ። የአባቴ ብቻ ጠፋች፣ እሱም አብሯት ጠፋ።

ከዚያ ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ግቢያችን ውስጥ ይቀመጥ ጀመር። ታንቲ ዶርካስ የምትባል ወሬኛ ጎረቤት ነበረችን፤ ደረቷን በእጇ እየመታች፣

"ምን ይደረጋል ዩላሊ፣ ሴልዊንንም ጃኔት ወሰደችው። ስንቱን ወሰደችው!" አለቻት እናቴን።

ማነው የወሰደችው? ጃኔት! እናቴ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። ሰላምታ ለምን እንደምትነፍጋት ያኔ ገባኝ፤ ይህን ቀድማ ጠርጥራ ኖሯል። ወዲያው ደግሞ ሌላውን ሰማሁ። የትምህርት ቤቱን ጣሪያ ጃኔት ወስዳዋለች። የታንቲ ዶርካስን ሁለት ላሞች ጃኔት ወስዳቸዋለች። አንድ ሽማግሌ፣ "ሴት ሆና እንዲህ ካደረገችን፣ ወንድ ብትሆን ምን ሊውጠን ነበር!" ሲሉ ሰው ሁሉ በሀዘኑ መሃል ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ያቺ ቀጭን ሴት ሁለት ላም፣ አንድ ጣሪያና አባቴን እንዴት አድርጋ ተሸክማ እንደሄደች ግራ ገባኝ። ግን ትልልቅ ሰዎች ይዋሻሉ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ጠብ ነበር፤ የሳህኑ ጠብ። በእኛ ዘንድ ሙት ሲርበው ወደ ቤተሰቡ በህልም ይመጣል፤ "ስጡኝ" ይላል። ያኔ የሚወደው ይበስልለታል፣ ነጭ ጨርቅ ይነጠፋል፣ ሳህኑ ይቀመጥለታል። እስኪነጋ ማንም አይነካውም። ሲነጋ ትልቅ ሰው ይመርቅና ልጆች ይሻሙታል። ሳህን ከተቀመጠልህ በቃ፣ ሞተሃል፤ ወዳጅ ዘመድ እርሙን አወጣ ማለት ነው።

"እናስቀምጥለት ዩላሊ" ትላለች ማ ፊና። "የወለድኩት ነው፤ ሆዱ ባዶውን አይዙር።"

"በህልምሽ መጣ? ጠየቀሽ?"

"አልመጣም።"

"እኔም ጋ አልመጣም። ያልራበው ሰው አልሞተም።"

"አንቺ ልጅ..."

"ሳህኔን አትንኪብኝ አልኩ!"

እናቴ ይህን ብላ ደጃፉ ላይ ባሕሩን እያየች ትቀመጣለች። እዚያው ትውላለች፣ እዚያው ታድራለች። እንቅልፍ የሚባል ነገር ከነፋሱ ወዲህ ባይኗ አልዞረም። ዓይኗ ቀልቶ፣ ፊቷ ጠቁሮ፣ ስናገራት "እ?" ትላለች እንጂ አትሰማኝም። ከንግግራቸው የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ አባቴ ርቦታል፣ እናቴ ደግሞ አኩርፋው ምግብ ከልክላዋለች። ጃኔት ቤት ስለሆነ ነዋ! ስለዚህ ዋናው ነገር እሱን ማምጣት ነው። ካመጣሁት ይበላል፤ ከበላ እሷ ትተኛለች። ቤቱን ለማዳን ከኔ በቀር ሰው እንደሌለ ተሰማኝ።

አንድ ቀን ጠዋት ማ ፊና ከእርዳታ መርከቡ ዱቄት ልትቀበል ስትሄድ ኮረብታውን ወጣሁ። መንገዱ ላይ ዛፍ ተጋድሟል፣ የሰው ማድጋ፣ የሰው ጫማ ተበትኗል። ከላይ ሆኜ ሳይ የጃኔት ቤትም ጣሪያ የለውም። ይህ ትንሽ አስገረመኝ፤ የሰው ጣሪያ የምትወስድ ሴት የራሷን ምን አደረገችው? እሷ ራሷ ከቆመው አንድ ግድግዳ ሥር ተቀምጣ የስፌት መኪናዋን ዝገት በኮኮናት ዘይት ትወለውል ነበር። ከታች ከባሕሩ ዳር ልጆች ይጮሁባታል፤ "ጃኔት መጣች! ጣሪያችሁን ያዙ!" እሷ ቀና አላለችም።

ፊቷ ሄጄ ቆምኩ።

"አባቴን ልወስድ ነው የመጣሁት" አልኳት።

ጨርቁ እጇ ላይ ቀረ። "ማንን?"

"አባቴን። ሴልዊንን። ወስደሽው የለ!"

"ማነው እንዲህ ያለሽ?"

"ሁሉም ሰው። ታንቲ ዶርካስ። ላሞቿንም መልሺ።"

"እናትሽስ? እናትሽም እንዲህ ትላለች?"

በእናቴ ላይ መዋሸት አልፈለግኩም። "እናቴ ስላንቺ አታወራም፤ ጉሮሮዋን ያማታል" አልኳት።

ጃኔት ጨርቁን አስቀመጠች። እጄን ያዘችኝ፤ እጇ ዘይት በዘይት ነበር። ወደ ራሷ ሳብ አደረገችኝና፣

"ኢና፣ እኔ አባትሽን መልሼዋለሁ። ድሮ። አንቺ ሳትወለጂ" አለችኝ።

"ታዲያ አሁን ለምን ደገምሽ?"

መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ተበላሸባትና ፊቷን በቀሚሷ ጫፍ ሸፈነች። ሌባ ሲያዝ ያለቅሳል፤ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

ነገሩን ያወቅኩት እኔም ለአቅመ ሔዋን ደርሼ፣ ማ ፊና ልትሞት ስትል ነግራኝ ነው። አባቴና እናቴ በተጋቡ በዓመቱ አባቴ ሸራ ላሰፋ ብሎ ኮረብታውን ተሻገረና እዚያው ቀረ፤ አንድ የዝናብ ወቅት ሙሉ። ልብሱን ጠቅልላ ደጅ ያወጣችው ጃኔት ናት። "ሚስትህ አርግዛለች ሲሉ ሰማሁ፤ በል ተነስ" አለችው አሉ። ያ እርግዝና እኔ ነበርኩ።

ያን ቀን ግን ይህን ከየት አባቴ አውቄ! "አባቴ ርቦታል" አልኳት በቁጣ። "እናቴ ደግሞ ምግብ አትሰጠውም። አትተኛምም።"

ቀና አለች። "አትተኛም?"

"ቁጭ ብላ ነው የምታድረው። ባሕሩን ስታይ።"

ጃኔት ተነሳች። ፊቷን ታጠበች፣ ፀጉሯን በሻሽ አሰረች። ጥግ ያስቀመጠችውን ትንሽ የበቆሎ ዱቄት ከረጢት እንዳለ ያዘች፣ ከአዲስ ሸራ ቁራጭም ነጭ ጨርቅ አነሳች። "ነይ እንሂድ" አለችኝ። አባቴ እሷ ቤት ውስጥ እንዳልነበረ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ቀድሞን ወጥቶ ይሆናል ብዬ ተከተልኳት።

እናቴ ከኮረብታው ስንወርድ አየችን። ከተቀመጠችበት ተነሳች፤ ከነፋሱ ወዲህ ስትቆም ያየኋት የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

"ልጄን ከየት ነው ያመጣሻት?"

"እሷ ናት ያመጣችኝ" አለች ጃኔት።

ማ ፊና ከጓሮ ብቅ አለችና ሁለቱን አየች። "እንግዲህ ግቢ እንዳልልሽ በሩም የሰው ነው" አለች፤ ማንም አልሳቀላትም።

"ምን ፈልገሽ ነው?" አለች እናቴ።

"ሴልዊን መጥቶ ነበር። በህልሜ።"

እኔ የሰማሁት "መጥቶ ነበር" የሚለውን ብቻ ነው። ደስ ብሎኝ እጄን አጨበጨብኩ። የእናቴ ፊት ግን ከል ለበሰ።

"አንቺ ጋ?" አለች። "ሞቶም አንቺ ጋ?"

እንዲህ ዓይነት ድምፅ ከእናቴ ወጥቶ አያውቅም፤ ማ ፊና ክንዷን ያዘቻት። ጃኔት ግን ካለችበት አልተንቀሳቀሰችም።

"አንቺ ጋማ መጥቶ ነበር ዩላሊ። አትተኚም። በየት በኩል ይግባ? 'ደጅ ደጁን ዞርኩ፣ ዓይኗን አልከድን አለች' አለኝ። ቢቸግረው ነው እኔ ጋ የመጣው፤ ቁጭ እንኳ አላለም። 'ለዩላሊ ንገሪልኝ፣ ርቦኛል፣ የእጇን ገንፎ ትስጠኝ' አለኝ። 'እኔ ልሥራልህ?' ብለው፣ 'ያንቺማ ይጓጉላል' አለ።"

እናቴ አፏን ከፈተች። የወጣው ሳቅ ይሁን ለቅሶ እስከዛሬ አልለየሁትም። "ይጓጉላል አለ?" አለች። "እንደዚያ ማለት ይወዳል... ይወድ ነበር።" ያቺን "ነበር" እንዳለች መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ማ ፊና "ልጄን! ልጄን!" ብላ ጮኸች፣ ጎረቤቱ ደረሰ፣ ግቢው በለቅሶ ተናወጠ። እኔ መሃላቸው ቆሜ ገረመኝ። አባቴ ተገኝቷል፣ ርቦታል፣ ገንፎ ነው የፈለገው፤ ይህ ምኑ ያስለቅሳል?

ለቅሶው ሲበርድ ምግቡ ተጀመረ። የእኛ የበቆሎ ገንፎ ጠንካራ ክንድ ይፈልጋል፤ አንዱ ሲያማስል ሌላው ድስቱን መያዝ አለበት። እናቴ ማማሰያውን አንስታ ቆመች። ማ ፊና እጄን ቁርጥማት ይዞኛል ብላ ፊቷን አዞረች፤ ቁርጥማት የሚባል ነገር ኖሯት አያውቅም። ያኔ እናቴ ጃኔትን ሳታያት "ያዢልኝ" አለቻት። በዚያ ሁሉ ዓመት ያለ ቁጣ ያነጋገረቻት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ጃኔት ድስቱን በሻሿ ያዘችላት።

"ውኃ ጨምሪ።"

"ይብቃው?"

"ትንሽ... በቃ።"

ሌላ አልተነጋገሩም። ዓሣ ከየት ይምጣ፣ ባሕሩ ገና አልጠራም፤ ከእርዳታ መርከቡ የመጣ የቆርቆሮ ዓሣ ተከፈተ።

"ልጄ የቆርቆሮ ነገር አይወድም" አለች ማ ፊና።

"ይታገሳ፤ እኛስ ወደን ነው የምንበላው?" አለች እናቴ።

ጠረጴዛችንን ነፋሱ ስለወሰደው ያንን ሰማያዊ በር በድንጋይ ላይ አጋደሙት። የጃኔት ነጭ ሸራ ተነጠፈ፣ ሳህኑ ተቀመጠ። ማ ፊና የሸንኮራ አረቄና ውኃ መሬቱ ላይ አፈሰሰች፣ የቀደሙትን ሁሉ በየስማቸው ጠራች፣ መጨረሻ ላይ "ሴልዊን" አለች። ፀሐይዋ ሳትጠልቅ እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ እንቅልፍ ጣላት። ጃኔት አጠገቧ ተቀምጣ በሻሿ ትንኝ ትከላከልላት ነበር። እኔም አባቴ ሲመጣ እነቃለሁ ብዬ ተኛሁ።

የነቃሁት ጎሕ ሲቀድ ነው። ሮጥ ብዬ ሳህኑን አየሁት። ገንፎው እንደተቀመጠ ነው፤ አናቱ ላይ ብቻ ቆዳ አውጥቷል። አልመጣም። ያን ሁሉ ተለፍቶለት አልመጣም! በጣም ተናደድኩበት። ወዲያው እናቴን አየኋት፤ አፏን ከፍታ፣ እጇን ዘርግታ፣ እንደ ሕፃን ተኝታለች። ነቅታ ሳህኑን ሙሉውን ካየችው፣ ተመልሳ ደጃፉ ላይ ትቀመጣለች። ከዚያ በኋላ አትተኛም።

እጄን ሰደድኩ። ከዳር ቆርሼ ዋጥኩ። ቀዝቃዛ ነበር። እንደገና ቆረስኩ፣ ደግሜ ደጋግሜ፣ ሰው የበላበት እስኪመስል። የቆርቆሮ ዓሣውን ተውኩት፤ አባቴ አይወድማ። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ተመልሼ ተኛሁ፣ ዓይኔንም ጨፈንኩ።

እናቴ ስትነሳ ሰማኋት። ሳህኑ ጋ ሄዳ ረጅም ጊዜ ቆመች። በሽፋሽፍቴ ሥር ሳይ ጎንበስ ብላ ትንሿን ጣቷን በገንፎው ላይ ከቀሩት የጣት ምልክቶች አንዱ ውስጥ አስገባች፣ ቀስ ብላ አወጣችው።

"ማ ፊና" ብላ ተጣራች። "ነይ እዪ። በልቷል።"

ማ ፊና መጣች። ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች፣ መልሳ ሳህኑን አየች። "በልቷል፣ እሰይ የኔ ልጅ!" አለች።

"ዓሣውን ትቶታል" አለች እናቴ።

"አልነገርኩሽም?"

ጃኔትም ቀረብ ብላ አየች፣ ከንፈሯን ነከሰች። ሦስቱንም እንዳታለልኳቸው እርግጠኛ ነበርኩ።

አባቴን ብዙ ጊዜ ጠብቄዋለሁ። ከዕለታት አንድ ቀን ትምህርት ቤት መምህሩ ሰሌዳው ላይ የነፋሶችን ስም ጻፉ፤ ጃኔት የሚለውን እዚያ አየሁት። እጄን አላወጣሁም፣ አላለቀስኩም። ከትምህርት ቤት ወጥቼ ቀጥታ ኮረብታውን ተሻግሬ ከጃኔት የስፌት መኪና አጠገብ ተቀመጥኩ። ፊቴን አይታ ስፒሎቹን ከከንፈሯ አወጣች።

"ዛሬ ደግሞ ምን ወሰድኩ?" አለችኝ።

ያኔ ጭኗ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ የአባቴን እርም ያወጣሁት ያን ቀን ነው። ጃኔትን አገሩ ሁሉ "ሰፊዋ" ማለት ጀምሮ ነበር፣ ስሟን ፈርቶ። ስሟን ጮክ ብላ የምትጠራት እናቴ ብቻ ነበረች። ከኮረብታው አናት ላይ ቆማ "ጃኔት!" ትላታለች፣ ታንቲ ዶርካስ ታማትባለች።

ጃኔት ከሞተች ቆየች። እናቴ ግን አረጀች፣ በጣም አረጀች። አንድ ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ላይ ፀጉሯን ስጎነጉንላት ከመሬት ተነስታ፣

"አባትሽ እኮ አንድ ቀን እንኳ በህልሜ አልመጣም" አለችኝ።

"ጃኔት ጋ ግን መጥቷል" አልኳት፣ ላጽናናት ብዬ።

"ጃኔት? ዓይኗን አላየሽውም ያን ቀን? ከኔ ብሶ ነበር የቀላው። እንቅልፍ ያላየ ዓይን ምን ህልም ያያል?"

እጄ ጉንጉኑ ላይ ቀረ። "እና እያወቅሽ ነው?"

"እያወቅኩ ነዋ! ያንን ሁሉ ዳገት ውሸት ተሸክማ ወጥታ እንዴት ብዬ ልመልሳት?" በጎን አየችኝ። "ደግሞ አንዳንዱ ሌባ አለ፤ ገንፎ ሰርቆ አገጩን የማይጠርግ። የሴልዊን አንድ ጣት ያን ሳህን ይሞላው ነበር።"

አያት ሆኜ፣ በዚያ ዕድሜዬ፣ ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። "ለምን አልነገርሽኝም እማዬ?"

"ምን ብዬ? ሁላችሁም እንድተኛ ፈለጋችሁ። ተኛሁ።"

ጉንጉኑን ጨረስኩላት። ልነሳ ስል ቀሚሴን ያዘችኝ።

"እኔ ስመጣ ግን" አለችኝ፣ "ተኝተሽ ጠብቂኝ። በስተርጅናዬ የጎረቤት በር አታስንኳኪኝ።"

እናቴ አምና በዝናቡ ወቅት አረፈች። ከዚያ ወዲህ በጊዜ እተኛለሁ።